አላርሙን ዝም ያሰኘ ጣት

ባለፈው ጥቅምት ሳን ሊያንድሮ ላይ ያ ደረቅ ነፋስ ሲነሣ መብራት ጠፋ። እዚህ አገር ነፋስ ሲበረታ እሳት እንዳይነሣ ብለው ራሳቸው ያጠፉታል፤ ለምደነዋል። የምኖርበት ሕንፃ ነዋሪው አብዛኛው ጡረተኛ ስለሆነ፣ ለአሳንሰሩና ለኮሪደሩ መብራት የምትሆን አንዲት ጄኔሬተር ጋራዡ ውስጥ አለች። ተነሣች፣ ትንሽ ሠራች፣ ከዚያ አላርሟ ይጮህ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ በነጠላ ጫማ ወረደ። የሕንፃው ማኔጀር ስልክ ላይ ሆኖ፣ «ጽጌ፣ አንቺ እዚያው ነሽ አይደል? ዝም ብለሽ ሪሴት የሚለውን ተጫኚልኝ» አለኝ።

«መጀመሪያ ምን እንደሚል ላንብበው» አልኩት።

«ማንበቡ ምን ያደርጋል? ሰው ተረበሸ እኮ። ተጫኚውና ዝም ይበል።»

እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩበት። ሳይነበብ የሚጠፋ አላርም የለም አልኩት፤ ሌላም ብዙ፣ ሊባል የማይገባ ነገር አልኩት። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ብርሃኔ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ ለአንድ ጩኸት ይህን ያህል?» አሉኝ። ስክሪኑን አነበብኩት፤ ናፍጣ እያለቀ ነው ይላል። ነገርኩት፣ ናፍጣ አስመጣ፣ ነገሩ አለቀ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በሻማ ብርሃን ተቀምጬ የድሮውን ነገር ሳነሣ ሳጥል አደርኩ። ለእትዬ ብርሃኔ «ረጅም ነው» ብዬ የዘለልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከታላቅ እህቴ ከአስቴር ጋር ሳን ፓብሎ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ አልጋው የእሷ፣ ሶፋው የእኔ። የምሠራው ኦክላንድ፣ ወደቡ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው። እንጆሪ፣ ዓሣ፣ አይስክሬም እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ውጭ ሰው በቲሸርት ሲሄድ እኛ ውስጥ ካፖርትና ጓንት አድርገን እንዞራለን፤ ለምሳ ስንወጣ ፀሐዩ ላይ ቆመን እንደ እንሽላሊት እንሞቃለን። ሥራችን ማሽኖቹን መጠበቅ ነበር። የክፍሎቹን ቅዝቃዜ እንለካለን፣ ኮምፕሬሰሮቹን እናያለን፤ ከሁሉም በላይ ግን መብራት ሲጠፋ የምትነሣዋን ጄኔሬተር እንጠብቃለን።

እዚያ ያስገቡኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ኢንጂነሪንግ የተማሩ ሰው፣ የሺፍቶቹ ሁሉ አለቃ። ግማሹ ሠራተኛ የሳቸው ልጅ ነው፤ የወለዱት ሳይሆን ያስቀጠሩት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው ካዩ «ሰኞ ጠዋት ና» ይሉታል፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው እምቢ አይባልም። ደግ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን ደግ አልነበሩም አልልም፤ እኔን የፈጀኝ እሱ ደግነታቸው ነው።

ጄኔሬተሯን ሰርቪስ የሚያደርገው ሬይ የሚባል ሰው ከሳን ሆዜ ይመጣ ነበር። ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ እጁ ላይ ሁልጊዜ በወረቀት የተጠቀለለ ቡሪቶ የሚሉት ምግብ የማይጠፋ ሰው ነው። የመቆጣጠሪያ ፓነሉን ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌሎቹ ጄኔሬተሯ ስትጮህ ጆሯቸውን ሲይዙ እኔ ስክሪኑ ላይ ስለማፈጥ ገረመው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ቡሪቶውን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና ጠራኝ።

«ቢጫው ሲበራ ‹ተጠንቀቂ› እያለሽ ነው» አለኝ። «ሞተሩ ሥራውን ይቀጥላል። ቀዩ ሲበራ ‹በቃኝ› ማለቱ ነው፤ ሞተሩ ራሱን ያጠፋል፣ ምክንያቱን ካላስተካከልሽ አይነሣልሽም። አዲስ አላርም ሲመጣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይጮኻል። አክኖሌጅ የሚለውን ስትጫኚ ጩኸቱ ይቆማል፣ መብራቱም ይረጋል። ግን ችግሩ ሄደ ማለት አይደለም። ‹ሰምቻለሁ› አልሽው እንጂ። ሰምቻለሁ ካልሽ ደግሞ ዝርዝሩን ክፈቺ፣ አንብቢ፣ ሄደሽ እዪ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ። ያደግኩበት ቤት ነገር ሁሉ በዙሪያ ጥምጥም የሚነገርበት ነበር፤ እናቴ ከአባቴ ጋር መኳረፏን የምናውቀው በወጡ ጨው ነው። እዚህ ግን አንድ ማሽን ቁጭ ብሎ የጎደለውን በቀጥታ ይነግረኛል። ዘይቴ ወርዷል፣ ባትሪዬ ደክሟል፣ ውሃዬ አንሷል ይላል። ሬይ በመጣ ቁጥር እየተከተልኩ ጠየቅኩት። በመጨረሻ፣ «እኛ የጥገና ሾፕ መኸር ላይ አንድ ሰው ለልምምድ እንወስዳለን፤ ስምሽን ነግሬያለሁ። ፈተናውን ካለፍሽ ቦታው ያንቺ ነው» አለኝ።

ያን ክረምት እረፍቴን ሁሉ ኤይት ኤይቲ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ጨረስኩት። በአስቴር አሮጌ መኪና፣ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ፣ የጭነት መኪኖቹ ጭስ ፊቴ ላይ እየነፋ ሳን ሆዜ ድረስ ለፈተናው የሚያዘጋጀውን ትምህርት ልማር እሄዳለሁ። ስጨርስ የቬትናሞቹ ሾርባ ቤት ገብቼ ያንን ቅጠል የበዛበትን ሾርባ ሚጥሚጣ የገባበት አስመስዬ በቃሪያ አቃጥዬ እጠጣለሁ። ፈተናውን አለፍኩ። ሬይ ለመኸር መጀመሪያ ቀጠረኝ። ያቺን ሥራ የፈለግኳትን ያህል ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም።

የሌሊት ሺፍቱ መስፍን የሚባል ልጅ ነበር። ልጅ አልኩ እንጂ ከኔ ይበልጣል። ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚወደው። ሚስቱና ገና ጡት ያልጣለ ልጁ አዲስ አበባ ናቸው፤ ወደዚህ ሊያመጣቸው ፕሮሰስ ጀምሮላቸዋል። ሌሊት ከኛ ጋር ይሠራል፣ ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ መቼ እንደሚተኛ እግዜር ይወቀው። በማርፈድ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ነበር።

ሺፍት ስንቀያየር ደንቡ የሚወጣው የሚገባውን ፓነሉ ፊት አቁሞ ያለውን አላርም ሁሉ እንዲያሳየው ነው። ፈረንጆቹ እንደዚያ ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ የራሳችን አለን። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ እንገናኛለን፣ ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን። «እንዴት አደርሽ? ደህና። ሌሊቱ እንዴት ነበር? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነው።» በቃ፣ ርክክቡ ይኸው ነው። ሀበሻ ሰላምታ ላይ «ሰላም አይደለም» አይልም። ጥርሱን ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው እንኳ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ክፉ ነገር ደግሞ ድንገት አይነገርም፤ አባታችን የሞተ ጊዜ እኔና አስቴር ሳንሰማ የምናውቀው ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ ስንት ጊዜ አብሮን ሲበላና ሲስቅ ቆይቶ ነው፣ አንድ ማለዳ ተሰብስቦ መጥቶ ያረዳን። ለሰው ልብ ማሰብ ነው ይባላል። ለሰው ይሁን። ሞተር ግን በዚህ አይያዝም።

መስከረም ላይ፣ አየሩ ከጠዋቱ የሚጋረፍበት ሳምንት ነበር። መስፍን ሊወጣ ሲል፣ እኔም ገብቼ ልብስ ስቀይር፣ በየሳምንቱ እንደሚደረገው ጄኔሬተሯን አስነሥቶ ሞከራት። ቢጫው በራ። የራዲያተሩ ውሃ ጎድሏል ይላል፤ አንዱ የውሃ መስመር ጎማ ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥብ ኖሯል። ውሃ ለመሙላት ደግሞ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለበት፣ ፓርኪንጉ ደግሞ ይረፍድበታል። አክኖሌጅን ተጫነ፣ ጩኸቱ ቆመ። ጄኔሬተሯን አጥፍቶ መጣ። እንዴት አደረች አልኩት።

«ሰላም ናት ጽጊዬ፣ እንደ ሙሽራ ተኝታ ነው ያደረችው» አለኝና ቁልፉን እያሽከረከረ ወጣ።

ቀን የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የክፍሎቹን ቅዝቃዜ መለካት ነው፤ ይህ የጋሽ ወልዴ ትእዛዝ ነው። ዓሣው ክፍል ውስጥ ሳለሁ መብራት ድርግም አለ። ሙቀቱ የከተማውን ኃይል ጥሎት ነበር። ጄኔሬተሯ ወዲያው ተነሣች፤ ድምፅዋን ሰምቼ «ጎሽ» አልኳት። ዙሪያዬን ጨርሼ ወደሷ ስሄድ ግን ገና በሩን ሳልከፍት ቀለም የሚቃጠል ይሸታል። ገባሁ። ቢጫው በርቷል፤ ብልጭ አይልም፣ ረግቷል። አንድ ሰው ሰምቻለሁ ብሎታል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አይደለሁም። ሙቀቱን አየሁ፣ ደህና ነው ይላል። ዝርዝሩን ከፈትኩ፣ ውሃ ጎድሏል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ውሃ ውስጥ ካልተነከረ የሚለካው ነገር የለውም፤ ውሃው ወርዶ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ቀዩ አልበራም፣ ሞተሩም ራሱን አላጠፋም። ማቆሚያውን ስጫን ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ተጣብቆ ቀረ።

የኪራይ ጄኔሬተር እስኪመጣ ውሎ መሸ። እንጆሪው አለቀሰ፤ ቀዩ ውሃ ከካርቶኖቹ ሥር እየወጣ ወለሉ ላይ ይሄድ ነበር። ዓሣውን በጭነት መኪና ሲያወጡት የባሕር ወፍ ሁሉ ከወደቡ ተጠራርቶ መጣ። ያ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ በስንት ሻምፑ አልወጣም።

የመጋዘኑ ማኔጀር እኔንም መስፍንንም ለየብቻ ጠየቀን። ፓነሉ አላርሙ የተነካበትን ሰዓት ያውቃል፣ ጣቱን ግን አያውቅም፤ የይለፍ ቁጥሩ ለሁላችንም አንድ ነበር። ሰዓቱ ደግሞ እኔም መስፍንም ሕንፃው ውስጥ የነበርንበት ነው። እኔ አልነካሁም አልኩ። መስፍንም አላየሁም አለ። ማኔጀሩ በመጨረሻ አንድ ላይ ጠርቶን፣ «እስከ ሰኞ አንዳችሁ እውነቱን ካልነገራችሁኝ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ» አለን። እኔ በልቤ ሰኞ መስፍን ይናገራል ብዬ ነበር። አብረን ስንት ቀን የበላን ሰዎች ነን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። አስቴር በበሩ ቀዳዳ አየችና ዞራ እኔን አየችኝ። ጋሽ ወልዴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። እኛ ዘንድ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ከቆሙ ወይ ለጋብቻ ነው ወይ ለመርዶ። እኔ እናቴን አሰብኩ። አስቴር ግን ፊቷ በርቶ፣ «ሂጂ ቀሚስሽን ቀይሪ» አለችኝ በሹክሹክታ። ቀየርኩ። ወይ እኔ፣ ቀሚስ ቀየርኩ እኮ።

«ቁጭ በሉ እንጂ አባቶች» አለች አስቴር።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «የመጣንበትን እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም።»

ሴት ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። አስቴር አንገቷን ደፋች፣ ፈገግታዋን ልትደብቅ። ጋሽ ወልዴ ወደኔ ዞሩ። «ጽጌ ልጄ፣ መስፍን ቤቴ መጥቶ ሁሉንም ነግሮኛል። እያለቀሰ ነው የነገረኝ። የተጫነው እሱ ነው። አንቺ እንዳልነካሽው እኔም አውቃለሁ፣ እግዚአብሔርም ያውቃል።»

እፎይ አልኩ። «እንግዲያው ነገ ይናገራላ» አልኩ።

«እሱማ ቢናገር ቤቱ ፈረሰ። ሚስቱና ያ ሕፃን የሚመጡት ሥራ አለው ተብሎ ነው። የፓርኪንጉ ደሞዝ ብቻውን አይበቃም፤ ይህ ሥራ የለውም ከተባለ ፋይሉ ይዘጋል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ባልም ልጅም አላስከተልሽም፣ ጭንቅላትሽ የተማረ ነው። ነገ ሌላ ታገኛለሽ።»

«ጋሼ፣ ምን እያሉኝ ነው?»

«‹እኔ ነኝ› በይላቸው።»

አስቴር ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ የት እንደሚሄድ ጠፍቶት ሲንከራተት አየሁት። እኔ ብዙ የሚባል ነገር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሳን ሆዜስ?» የሚል ብቻ ነው። «የሬይ ቦታስ?»

«ለሬይ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። እውነቱን በጆሮው አስገባለታለሁ። በኔ ይሁንብሽ።»

«መስፍን ራሱ ለምን አልመጣም?»

«አፍሮ ታች መኪና ውስጥ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አንድ ትዳር ታቆሚያለሽ ልጄ፣ ጽድቅ ነው» አሉ። ከዚያ ሦስቱም እንደቆሙ ጠበቁ። ጋሽ ወልዴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግድግዳውን ተደገፉ። ትንሽ ሳሎን ናት፣ ሦስት ሽማግሌ ቆሞባት አየር አጣች። በመጨረሻ አስቴር፣ የገዛ እህቴ፣ «ኧረ ቆመው ደከሙ፤ እሺ በያቸው ጽጌ፣ አባቶች ናቸው» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ለመስፍን አዝኜ አይደለም። ላላየሁት ሕፃን አዝኜም አይደለም፤ ያን ብል ውሸት ይሆናል። ሽማግሌ አቁሞ ማቆየት ስላሳፈረኝ ነው። ሰው በዚህ ምክንያት ኑሮውን ይሰጣል ወይ ብትሉኝ፣ እኛ እንሰጣለን።

ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ በመስኮት ብቅ ብለው መስፍንን ጠሩት። መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተደፋ፤ «ተው፣ ተነሥ» ብዬ አነሣሁት፣ እንደ ደንቡ። አስቴር ለአማች ያሰበችውን ጥብስ አቀረበች። ሁሉም በላ። መስፍንም በላ፤ እንዲያውም ሁለተኛ አቀረቡለት። እኔን ጋሽ ወልዴ በእጃቸው አጎረሱኝ፤ ጉርሻውን ማላመጥ አቅቶኝ አፌ ውስጥ ብዙ ቆየ።

ሰኞ ማኔጀሩ ቢሮ ስገባ ሬይ እዚያ ነበር፤ የተበላሸውን ሞተር ሊያይ መጥቷል። «እኔ ነኝ አክኖሌጅ ያደረግኩት፣ አላነበብኩትም» አልኩ። ማኔጀሩ ራሱን ነቀነቀ። ሬይ ግን አልነቀነቀም። ባያምነኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አመነኝ። «አንብቢ ብዬሽ ነበር እኮ» አለኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነው። ወጣና መሣሪያውን መኪናው ላይ ይጭን ጀመር። እኔ ጋሽ ወልዴን አየሁ፤ በር ላይ ቆመዋል። አሁን ይከተሉታል፣ አሁን ይጠሩታል እያልኩ አየኋቸው። ጫማቸውን ያያሉ። የሬይ መኪና ሄደ።

በኋላ ደወልኩላቸው። «ጊዜው አልተመቸም ልጄ፣ ነገሩ ትንሽ ይብረድ» አሉኝ። ደግሜ ደወልኩ። በረደ እንጂ፤ ከሚገባው በላይ በረደ። በሚቀጥለው ዓመት መስፍን ሳን ሆዜ፣ የሬይ ሾፕ ገባ። መጋዘኑ ውስጥ ጄኔሬተር የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረማ። አስቴር ናት ገበያ ላይ ሰምታ የነገረችኝ፤ «እድል ቀናው» ብለዋት። ያን ቀን ከአስቴር ጋር ተጣልተን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልታረቅንም።

እኔ የኤርፖርት ሻትል ነዳሁ፣ ከዚያ አረጋውያን ጠበቅኩ፣ በዚያው ጡረታ ወጣሁ። አልተራብኩም፣ መንገድ ላይ አልወደቅኩም። ሰው ከዚህ የባሰ ስንት ይደርስበታል ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ ይደርስበታል። መጀመሪያ ሰሞን ለሰው ልናገር ሞክሬ ነበር። «ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር ትቆሰቁሻለሽ?» አሉኝ። ተውኩት። መስፍን ሚስቱንና ልጁን አመጣ፣ ቤት ገዛ፣ ሠርግና ክርስትና ላይ ስንገናኝ ከሩቅ እጁን ያነሣልኛል። እኔም አነሣለታለሁ።

ዘንድሮ ጸደይ ላይ ጋሽ ወልዴ ዐረፉ። ለቅሶ አይቀርም፤ ሄድኩ። ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ አንድ ረጅም ጎልማሳ ውኃ አመጣልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ትሑት ልጅ ነው፤ ማውንቴን ቪው ከተማ እንደሚሠራ፣ ኢንጂነር እንደሆነ ነገረኝ። የማን ልጅ ነህ አልኩት። አባቱን በአገጩ አሳየኝ። መስፍን ማዶ ቆሞ ሰው ያስተናግዳል፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ልጁን ደግሜ አየሁት። ያ ሕፃን ነው፣ ፋይሉ ይዘጋል የተባለው።

«እኔ ኢንጂነር የሆንኩት በአባቴ ነው» አለኝ። «አንድ ስቶሪ አለው፣ ኦልዌይስ ይነግረናል። ድሮ ዌርሃውስ ሲሠራ አንድ ልጅ ነበረች፣ ሀበሻ። አላርሙን ሳታነብ ሳይለንት አደረገችው፣ ሞተሩ ተቃጠለ። ‹ሳታነብ አትጫን› ይለናል። ናው እኔም ቲሜን፣ አብረውኝ የሚሠሩትን፣ እንደዛ ነው የማስተምረው።»

«ስሟን ነግሯችኋል?» አልኩት።

«ኔቨር። ነውር ነው ይላል። ልጅ ነበረች፣ ስሟ አይነሣ ይላል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማለሁ። መስፍን ግን አልረሳም፤ አዙሮ ነው ያስታወሰው። ለልጆቹ ነግሯቸዋል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ስሜን ደብቆ ጨዋ ሆኖበታል። ደሜ ፈላ። «እኔ ነኝ» አልኩት ልጁን። ቀሪውን ሁሉ ልነግረው፣ ከመጀመሪያው ልጀምርለት አስቤ ነው እንዲያ ያልኩት።

ልጁ ብርጭቆዬን ተቀብሎ አስቀመጠና በሁለት እጁ እጄን ያዘኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እርስዎ ነዎት? አይ አም ሶ ሶሪ፣ አላወቅኩም። ግን አይጨነቁ፣ እሺ? አባቴ አልተቀየመም። ሪሊ። ድሮ ነው ይቅር ያለዎት።»

አፌን ከፈትኩ። ቄሱ ለጸሎት ተነሡ፣ አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። ልጁ ክርኔን ይዞ ቀስ አድርጎ አነሣኝ፤ በደንብ ያደገ ልጅ ነው። ከጸሎቱ በኋላም ቢሆን መናገር እችል ነበር፤ በሟች ቀን፣ በልጅ ፊት፣ አባቱን ላዋርደው አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልናደድ ያደርኩበት ሌሊት የለም። ሲያስቀጡኝ ዝም አልኩ፣ ሲምሩኝም ዝም አልኩ።

ይህን ስጽፍ የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬያለሁ። መስፍን መስፍን አይባልም፣ ጋሽ ወልዴም ወልዴ አይባሉም፤ ይኸው ዛሬም እሸፍንላቸዋለሁ። የራሴን ስም ግን አልቀየርኩም። ጽጌ እኔ ነኝ። አልተጫንኩትም።